ቀይ ሹራብ፣ ሰማያዊ ክር

ያን ቀን በእትዬ የሺ ግቢ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ፤ ካልጠራሁ ሌላውን መጻፍ አልችልም። የእድራችን ዳኛ አቶ በየነ ነበሩ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው። የግቢው ባለቤት እትዬ የሺ ነበሩ። ባለሱቁ ከድር ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ ስለመጣ ቁልፉን በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ከኛ ጀርባ ተከራይታ የምትኖረው፣ ቸርች የምታገለግለው አስቴር ነበረች። ባለቤቴ ጌታሁን ነበር፤ ከጋራዥ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሜሮን ነበረች፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ ነበርኩ። በመሃላችን ጋሽ ድንቁ ቆመው ነበር።

ስምንት። ደጋግሜ ቆጥሬያለሁ፣ ስምንት ነን። ከስምንታችን እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ዝም አሉ።

ባለፈው ወር አቶ በየነ አረፉ። እትዬ የሺ ከሳቸው ቀድመው አርፈዋል። መንደራችን ለልማት ሲፈርስ ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ስለተበተነ የአቶ በየነን ቀብር ለማግኘት ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ቀብሩ ላይ ከድርን አየሁት። ሰላም ከመባባላችን በፊት፣ «ስለ ጋሽ ድንቁ የሰማኸው ነገር አለ?» አልኩት። «የለም፤ አንቺስ?» አለኝ። የለም። እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ የተቆራረጠ ነው፤ ስምንታችን እያለቅን ነው ብዬ አስባለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ይህን መጻፍ ግን ለሌላ ሰው የምሰጠው ሥራ አይደለም።

ጋሽ ድንቁ ወደ ሰፈራችን የመጡት ሜሮን አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። ሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ ነበር። እትዬ የሺ ከቧንቧው አጠገብ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራዩዋቸው። ረዥም ናቸው፤ ግን ቁመታቸው የሰውን ቦታ የሚሻማ ይመስል ሁልጊዜ ጎንበስ ይላሉ። ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ያልተላጨ ጢም። ከል የለበሰ ሰው ናቸው።

ሰው ጠየቃቸው። «ማን ሞቶብዎት ነው?» አሉ እትዬ የሺ፤ ቢያውቁ ሊያስተዛዝኑ፣ ሰውም ሊጠሩ። ጋሽ ድንቁ ጫማቸውን አዩ። ሲጠየቁ ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ፤ መጀመሪያ ጫማቸውን ያያሉ፣ መልሱ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። ከዚያ «ሰው ነው» አሉ።

ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ከሉን አላወለቁም። በኛ ዘንድ ደግሞ ሐዘን ልክ አለው። አርባ አለው፣ ሰማንያ አለው፣ ሙት ዓመት አለው፤ ያኔ ጢም ይላጫል፣ ጥቁር ይወልቃል፣ ሰውም ይበቃሃል ይላል። የሟቹ ስም ይታወቃል። ሟች የሌለው ሐዘንተኛ ግን ማን አይቶ ያውቃል? አንዳንዱ ከእስር የወጡ ናቸው አለ። አንዳንዱ ጠንቋይ ናቸው አለ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ሁሉንም አመንኩ።

የሚሠሩት ሥራም ግራ ያጋባ ነበር። ቀን ቀን የሰው አጥር ያጥራሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጧት ጧት ግን የሰፈሩ ልጆች ከፈፋው ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ አካፋቸውን ተሸክመው ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ይከተሏቸዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ልጆቹ ሲሮጡ ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ «ቀስ፤ ቁልቁለት ወዳጅ መስሎ ነው የሚጥል።» ይህቺን አባባል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ሜሮን አሁንም ደረጃ ስትወርድ ትላታለች።

ከድር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይቀልድባቸው ነበር። «ጋሽ ድንቁ፣ የሚያጅቡት ልጆቹን ነው አካፋውን?»

«አካፋውን» ይሉታል ሳይቆሙ፤ «ልጆቹማ እግር አላቸው።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ ልጄን ከበር እስከ መታጠፊያው በዓይኔ የምሸኝ፣ ከመታጠፊያው በኋላ ደግሞ በሐሳቤ የምከተል ሰው ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ፈፋው፣ ፀሐይ ሲሆን ውሻው፣ ጭጋግ ሲሆን ጅቡ። ከሜሮን በፊት አንድ ልጅ ገና ሳይጠና ሞቶብኛል፤ ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ሰው ልጄን ረዘም አድርጎ ካየ ጎትቼ አስገባታለሁ። ስለዚህ ሜሮን ስትመለስ እጠይቃታለሁ። ምን አሉሽ? ምን ሰጡሽ? ስትበዪ አዩሽ? «እሳቸው ፊት እንዳትበዪ» አልኳት። ቤት ስትገቢ እጅሽን ታጠቢ እንደምል፣ እንዲሁ በየቀኑ።

አንድ ጧት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኳቸው። ከፈፋው አፋፍ ላይ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጋሽ ድንቁ ልጆቹን አሳልፈው፣ አካፋቸውን አውርደው፣ ቁልቁለቱን እየቆፈሩ ደረጃ ይሠራሉ። እያንዳንዱን ደረጃ በድንጋይ ይደግፉታል፣ ከዚያ ቆመውበት ይዘሉበታል፣ ደግመው ይዘሉበታል። ትልቅ ሰው፣ ከል የለበሰ፣ እንደ ልጅ ሲዘል። ከዛፍ ጀርባ ቆሜ እያየሁ ሳለ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «የሜሮን እናት፣ ከዚህ በኋላ በዚያ ጫማ አይሆንልዎትም፤ ይመለሱ» አሉኝ።

አፈርኩ። የእፍረቴን ያህል ተናደድኩባቸው። ጫማዬን እንዴት አዩት?

ሹራቡ የጠፋው በዚያው ሰሞን ነው። ቀይ ሹራብ ነው፤ ሳላገባ የምለብሰውን ሹራቤን ተርትሬ በራሴ እጅ ለሜሮን የሠራሁላት። አንድ ከሰዓት ሜሮን ብርድ አንቀጥቅጧት ያለ ሹራብ መጣች። ጧት ከገመድ ላይ አጣሁት፣ ሳልለብሰው ነው የሄድኩት አለችኝ። ጧት ለብሳው የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ግን ልጄ አትዋሽም ብዬ የራሴን ዓይን ጠረጠርኩ። ሦስት ቀን ቤት ለቤት ጠየቅሁ። በአራተኛው ቀን እትዬ የሺ ሳፋቸውን ለመውሰድ ጋሽ ድንቁ ክፍል ገብተው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደኔ መጡ። ሹራቡ ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ገባሁ። ጋሽ ድንቁ አልነበሩም። አልጋ፣ አካፋ፣ አንዲት ወንበር፣ ሚስማሩ ላይ የልጄ ሹራብ። ታጥቧል። አወረድኩት። ክርኑ ላይ፣ ቀዩ ላይ፣ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ ወዲህና ወዲያ፣ እንደ መረብ ተደርጎ። የልጅ ልብስ ወስዶ፣ ነገር ሰፍቶበት፣ መልሶ የሚሰቅል ሰው ምን እንደሆነ እኔ ከልጅነቴ ሲወራ የሰማሁት ነው። ሌላ የሚያስፈራ ነገርም አሰብኩ፤ እናት ሁሉ የምታስበውን።

እንግዲህ ስምንታችን የተሰበሰብነው ለዚህ ነው።

አቶ በየነ ሹራቡን ከዘራቸው ላይ አንጠልጥለው ጠየቁ። የማን ነው? ጋሽ ድንቁ የልጅቷ ነው አሉ። እንዴት እርስዎ ዘንድ ተገኘ? ጋሽ ድንቁ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሜሮን ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። እኔ ያን አየሁ፤ ያየሁትን ግን በገዛ ፍርሃቴ ተረጎምኩት።

«አልሰረቅሁም» አሉ።

«ታዲያ?»

ዝም።

ያኔ ተነሳሁ። አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ ሦስት ዓመት እርስዎ ስል የኖርኩትን፣ «ምን ሰፍተህበት ነው?» አልኩ። አንተ አልኳቸው። ጌታሁን ነጠላዬን ጎተተኝ።

«ቀዳዳ ነዋ» አሉ ጋሽ ድንቁ ቀስ ብለው።

«ማን ቀደደው?»

ከድር ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ክሩን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ አለ፤ ቀይ ክር ነበር የጠየቁት፣ ቀይ ስላልነበረኝ ሰማያዊ ወሰዱ፤ መተት የሚሠራ ሰው ቀለም ያማርጣል እንዴ? አስቴርም፣ አንድ ሰው ሳይናገር እንዴት ይፈረድበታል፣ ልጅቷንስ ለምን አንጠይቃትም አለች። ልጄን አትንኩብኝ አልኩ። ሜሮንን ሄጄ አቀፍኳት። ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት፤ ለመናገር ከንፈሯን ብታንቀሳቅስ እንኳ ፊቷ ቀሚሴ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ድንቁ አንድ ነገር ልናገር አሉ። አቶ በየነ ይናገሩ አሏቸው። ሁላችንም ስለ ሹራቡ የሚናገሩ መስሎን ጠበቅን። እሳቸው ግን ተረት ጀመሩ።

ቀደም ሲል ከከተማ ውጭ መንገድ ሲሠራ ጃፓኖች የሰፈሩበትን ካምፕ በዘበኝነት ጠብቄ ነበር አሉ። ከነሱ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበር። አንድ ቀን እኔ የኔን ነገር በአስተርጓሚ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ በምላሹ ይህን ነገረኝ። አንዲት ጦጣ በእንጨት መሬት ላይ እየሣለ ነው የነገረኝ አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«በጃፓን አገር በረዶ በሚጥልበት ተራራ ሥር አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ ሞተባት። የልጇን ልብስ ጧት ጧት ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ማታ ታስገባለች፤ ልጁ ነገ የሚለብሰው ይመስል። አንድ ቀን ጦጣ ከጫካ መጣችና ልብሱን ይዛ ሮጠች። ሴትዮዋ አየች። በሐዘኔ ትቀልዳለች አለች፤ ድንጋይ አንስታ ወረወረች። መታቻት። ጦጣዋ እያነከሰች፣ ልብሱን ግን ሳትለቅ ጫካ ገባች። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ሴትዮዋ እንጨት ልትለቅም ሄደች። ዛፍ ሥር ጦጣዋን አገኘቻት፤ ሞታለች። ልብሱን የሞተ ግልገሏን ጠቅልላበታለች። ግልገሏን የገደለው ደግሞ የሴትዮዋ የራሷ ውሻ ነበር። ሴትዮዋ ቁጭ አለች። ለየትኛው እንደምታለቅስ ጠፋት።»

ከዚያ «ጦጣዋም ሌባ አልነበረችም፤ ሴትዮዋም ክፉ አልነበረችም። ድንጋዩ ግን ተወርውሯል» አሉ።

አቶ በየነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ድንቁ፣ እኛ የጠየቅንዎት ስለ ሹራብ ነው፤ ስለ ጦጣ አይደለም።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ልጄን ጦጣ አላት አልኩ። የሞተብኝን ልጅ ከጦጣ ግልገል ጋር ቆጠረው አልኩ። ያን ያህል ጮኼ አላውቅም። እትዬ የሺ እንዲህ ያለ ሰው ግቢዬ ውስጥ አላሳድርም አሉ። አቶ በየነም ለሰላም ሲባል ክፍሉን ይልቀቁ ብለው ጨረሱት።

ጋሽ ድንቁ እጅ ነሱ። ለኔም ጭምር።

በማግስቱ ጧት እንደ ወትሮው ልጆቹን ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ሸኙ። ተመልሰው አንድ ከረጢትና አካፋቸውን ይዘው በሽቅቡ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ከበሬ ሆኜ አየኋቸው። እፎይ አልኩ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ከዚያ ሹራቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሰማያዊውን ስፌት በመርፌ አንድ በአንድ ተረተርኩ። ውስጡ የተቋጠረ ነገር ፈለግሁ። ሥር ብጤ፣ ወረቀት ብጤ። ምንም የለም። ክር ነው፣ ቀዳዳ ነው። ጥሩ ስፌት ነበር፤ ለመተርተር ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ምንም አለማግኘቴ እንኳ አላረጋጋኝም፤ የተደበቀ ስለሆነ ነው አልኩ። ጠበል ረጨሁበትና ለሜሮን ምድጃ ውስጥ ጣይው ብዬ ሰጠኋት። ጣልኩት አለችኝ።

ሜሮን ከዚያ በኋላ ዝም የምትል ልጅ ሆነች። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ ግን ትክ ብላ ትቀራለች። ነክቷታል አልኩ። እንጦጦ ወጥቼ ሰባት ጧት ጠበል አስጠመቅኳት፤ በዚያ ብርድ። ውኃው ሲወርድባት ታለቅሳለች። እኔ ደስ ይለኛል። ያደረባት እየተናገረ ነው፣ ሊለቃት ነው እላለሁ። አጠገባችን የነበሩ ሴቶችም «እሰይ፣ ይለቃታል» ይሉኛል። ሰባት ጧት አለቀሰች፤ ሰባት ጧት እሰይ አልኩ።

ዓመታት አለፉ። ኮንዶሚኒየም መሪ ሰፈር ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃ ስንቋጥር ሜሮን ኮሌጅ ገብታ ነበር። እኔ ሳህኖቹን በጋዜጣ እጠቀልላለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እንደገና እፈታለሁ። እሷ ከሣጥኗ ሥር አንድ ላስቲክ አውጥታ መጣች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

ቆሜ ቀረሁ። ላስቲኩ ውስጥ ቀዩ ሹራብ ነበር። ክርኑ ላይ ቀዳዳው፣ በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ሳልነቅለው የቀረ ትንሽ ሰማያዊ ክር።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሜሮን ከልጆቹ ተነጥላ ቀጋ ልትለቅም ወደ ፈፋው አፋፍ ወረደች። አፈሩ ከዳት። ጋሽ ድንቁ አጥር ሲያጥሩ ውለው በዚያ በኩል እየተመለሱ ነበርና አካፋቸውን ጥለው ደረሱ። በሹራቧ እጅጌ ያዟት። ክርኑ ላይ የተቀደደው ያኔ ነው፤ ከሳቸው እጅ። ጎትተው አወጧት፤ ካወጧት በኋላም እጅጌውን መልቀቅ አቃታቸው አለችኝ። ቁጭ ብለው፣ እጅጌዋን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ትልቁ ሰውዬ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እሷ ፈራች። ወዲያው ግን እኔን አሰበች። «ለእማዬ አይንገሩብኝ፤ ትገርፈኛለች፣ ከቤትም አታስወጣኝም» አለቻቸው። ይማሉልኝ አለቻቸው። ጋሽ ድንቁም፣ «ማርያምን፣ ካንቺ በፊት አልናገርም» ብለው ማሉላት። ሹራቡን አምጪው፣ እንዳያስታውቅ አጥቤ ሰፍቼ እሰጥሻለሁ አሉ።

«ያን ቀን ግቢው ውስጥ አዩኝ» አለች ሜሮን። «አንቺ ትናገሪያለሽ ወይ ብለው ነበር ያዩኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ፈራሁ።»

«ማንን? እሳቸውን?»

ሹራቡን አጠፈችው። እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ። «አንቺን» አለችኝ።

አዲሱ ቤት ገብተን ሳምንት ሳይሞላኝ ሄድኩ። ጉልበቴ ቢያመኝም ከድሮው ሰፈራችን ፍርስራሽ ተነስቼ ወደ ፈፋው ወጣሁ። ደረጃዎቹ አሉ። ቆጠርኳቸው፣ እንደ ልማዴ፤ አርባ አንድ ናቸው። ያኔ ካየኋቸው ይበዛሉ። ከላይ ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱበታል፤ ከነሱ አንዷን፣ እማማ ጠጅቱ የሚባሉ አሮጊት፣ ሸክማቸውን አሳርፈው ሲቀመጡ ጠየቅኋቸው። ከል የለበሱ ሰውዬ ያውቃሉ?

«ድንቁን ነው?» አሉኝ። «ዘበኛውን?»

እንግዲህ እኔ ያላወቅሁትን የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሁሉ ያውቀው ነበር። ጋሽ ድንቁ ድሮ ከደኑ ዘበኞች አንዱ ነበሩ። ዘበኞቹ እንጨት የሚለቅሙትን ያሯሩጣሉ፣ ሸክም ይቀማሉ፤ ሥራቸው ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ፣ የአሥር ዓመት ብትሆን ነው፣ ከሸክሟ ጋር ሲያዩዋት «ቁሚ!» ብለው ጮሁባት። አልነኳትም፤ ጮሁ ብቻ። ልጅቷ ቁልቁል ስትሮጥ እዚሁ ፈፋ ውስጥ ወደቀች። ያኔ ደረጃ የለም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለቅሶው ቤት ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ ተመለሱ፤ ገብተው ምን ብለው ይቀመጡ? ዘመድ አይደሉ፣ ጎረቤት አይደሉ። ስለዚህ ሐዘናቸውን ለብሰው ቀሩ።

«እናትየዋ መልኩን አታውቀውም ነበር» አሉኝ እማማ ጠጅቱ። «አንድ ቀን እሱ ደረጃውን ሲቆፍር እሷ ስትወርድ ደረሰች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ‹እግዜር ይስጥህ፣ የልጅ ሐዘን አያሳይህ› ብላ መረቀችው። አካፋውን ጥሎ ጫካ ገባ። ማታ ነው መጥቶ የወሰደው።»

ከሰፈራችን ከለቀቁ በኋላ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁ። ለጥቂት ጊዜ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተጠግተው፣ ወደዚህ እየወረዱ ደረጃውን ሲቀጥሉ ነበር። ከዚያ ወደ ሰንዳፋ በኩል ሄዱ የሚል አለ። ታመው ነበር የሚል አለ። እማማ ጠጅቱ ሸክማቸውን ሲያነሱ ደገፍኳቸው፤ ቁልቁል ሲወርዱ ደረጃው ላይ እግራቸውን ሳያዩ ነው የሚረግጡት።

እዚያው ቁጭ ብዬ ያችን ተረት ከመጀመሪያዋ ጀምሬ ለራሴ ተናገርኳት። ጦጣ ያሉት ልጄን አልነበረም። እኔንም አልነበረም። መሐላቸውን ሳያፈርሱ ሊናገሩት የሚችሉት ያን ብቻ ነበር፤ ሰባት ሰው ፊት ተናገሩት፣ እኛ ስለ ሹራብ ነው የጠየቅንዎት አልናቸው።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ሰንዳፋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የንስሐ አባቴ መጀመሪያ ሰውየውን ፈልገሽ ታረቂ፣ ከዚያ ነይ ብለውኛል። ጌታሁን በሕይወት ከሌሉስ ይለኛል። እኔ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ረዥም ሰው ባየሁ ቁጥር ከታክሲ እወርዳለሁ። መገናኛ ላይ አንድ ቀን የአንድ ሰውዬ ትከሻ ነክቼ፣ ዘወር ሲሉ ሌላ ሰው ሆኑ፤ «ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፋብሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ከድር አሁን ሱቁ ጉርድ ሾላ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ክር ጠየቅሁት። ሹራቡን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና መሳቢያውን ከፈተ። «አሁን ቀይም አለኝ» አለ።

«ሰማያዊውን ስጠኝ» አልኩት።

ያኔ መርፌዬ የተረተረበትን ቀዳዳ እየተከተልኩ ሰፋሁት። የሳቸውን ያህል አላማረም። ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ መርፌው ላይ ክር ታስገባልኝ ነበር፤ ዓይኔ ደክሟል። ስንጨርስ ላስቲኩ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው፤ ሲገኙ እኔ ነኝ የምሰጣቸው ብላኛለች።

ጋሽ ድንቁ ዛሬ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ረዥም ናቸው፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ሲጠየቁ መጀመሪያ ጫማቸውን ያያሉ። አካፋ ይዘው ሊሆን ይችላል። ልጆች በሚወርዱበት ቁልቁለት አጠገብ ፈልጓቸው። ያያቸው ሰው ካለ፣ ወይም ካረፉም የት እንዳረፉ የሚያውቅ፣ እባካችሁ ጉርድ ሾላ ለባለሱቁ ለከድር ንገሩልኝ። እሱ ያደርስልኛል።